መብራት ሲመጣ የሚመጣው ሰውዬ

የተበላሸ ስክሪን ባየሁ ቁጥር ፎቶ የማንሳት አመል አለብኝ። ባንክ ውስጥ የወረፋ ቁጥር የሚያሳየው ቴሌቪዥን ድንገት ሰማያዊ ሲሆን፣ መናኸሪያ ውስጥ ማስታወቂያው መሃል ላይ «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል መስኮት ብቅ ሲል፣ በርገር ቤት ውስጥ የምግብ ዝርዝሩ ጠፍቶ በጥቁር ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲግተለተል፣ ስልኬን አወጣና ቀጭ አደርጋለሁ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ላለችው እህቴ እልክላታለሁ፤ እሷም በበኩሏ ያየችውን ትልክልኛለች። ኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። ማሽን ተማሪ ፊት ስንት ጊዜ አዋርዶኛል፤ እሱም በተራው ሰው ፊት ሲዋረድ ሳይ አንጀቴ ይርሳል።

ከነዚያ ሁሉ ፎቶዎች አንዱን ብቻ አሳጥቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት በርገር ቤት ያነሳሁት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቅ አንድ ሰውዬ አለበት፤ ከአገጩ በታች ግራጫ ሳጥን ሸፍኖታል። የዚያን ሰውዬ ሳቅ በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበር። ሚስቱ ደግሞ ያ ሳቅ ያለበት ሌላ ፎቶ አልነበራትም።

ነቀምቴ የተመደብኩት ትምህርት በጨረስኩ በዓመቱ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ እንዲህ ያለ ዝናብ አላውቅም ነበር። የነቀምቴ ዝናብ አይጀምርም፣ አያቆምም፤ ዝም ብሎ አለ። ቋንቋውን አላውቅ፣ ሰው አላውቅ፣ ምግብ መሥራት አልችል። በርገር ቤቷ ከተከራየኋት ክፍል ሦስት በር ዝቅ ብላ ስለነበረች ከኮሌጅ ስወጣ እዚያ መብላት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ደንበኛ ያደረገኝ በርገሩ ሳይሆን ስክሪኑ ነው።

ከባንኮኒው በላይ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ ዘይትና ዱቄት እንዳይገባበት በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የተገዛ። ሁለቱ በአንድ ረጅም ገመድ ተያይዘው የምግቡን ዝርዝር ከነፎቶው ያሳያሉ። በርገር፣ በርገር በዕንቁላል፣ ቺፕስ፣ ሳንዱች፣ የማንጎ ጭማቂ። በርገሩ ስክሪኑ ላይ አራት ፎቅ ሕንፃ ያህላል። ሳህን ላይ ሲመጣ አንድ ፎቅ ነው፤ ግን ይጣፍጣል።

ችግሩ ይሄ ዝርዝር በቀን ሁለት ሦስቴ መበላሸቱ ነበር። መጀመሪያ ስታክ ያደርጋል፤ በርገሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ዝርዝሩ ድርግም ይልና ከኋላው የኮምፒውተሩ ገጽ ይታያል፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚስቅ ሰውዬ። በላዩም ግራጫ ሳጥን ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ሥራ አቁሟል የሚል ጽሑፍና ከሥሩ «ኦኬ» የሚል ቁልፍ ያለበት። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል፤ ያዘነ ፊትና ዳር ላይ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ኮድ ያለበት። አንድ ቀን ሁለት ሾፌሮች ያ ኮድ ሒሳብ መክፈያ መስሏቸው ስልካቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሲታገሉ አይቻለሁ። «ኔትወርኩ ነው» ተባብለው ተቀመጡ።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ያው ነው። ማሽኑ ሲነሳ ዝርዝሩን በራሱ አይከፍትም፤ ሰው እስኪከፍትለት ድረስ ሰውዬው ብቻውን እየሳቀ ይቆያል። መብራት ደግሞ በዚያ ሰሞን በየቀኑ ይሄዳል።

ያልገባኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ብቅ ባለ ቁጥር ቤት ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ ወደ ስክሪኑ ቀና ይልና ይጮሃል። «አካም ኦልታን፣ አባ መና!» ይላል አንዱ፤ እንዴት ዋሉ፣ የቤቱ ጌታ ማለቱ ነው። «ነጋ? ፈያ?» ይላል ሌላው፤ ሰላም ነዎት፣ ጤና ነዎት። ቺፕስ የያዘ እጁን ከፍ አድርጎ የሚያውለበልብም አለ። ከዚያ ሳቅ ይሆናል። የቤቱ ባለቤት፣ ሻሽ ያሰሩ ሃምሳውን ያለፉ ሴት፣ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑና ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ ፈረድኩ። ሰዎቹ በሴትዮዋ ዕቃ መበላሸት እየቀለዱ ነው፣ ሴትዮዋም አፍረው ፊታቸውን እየሸፈኑ ነው አልኩ። ሰውዬውን ከግብርና ካላንደር የተወሰደ ገበሬ ነው አልኩ። ሁለቱም ስህተት ነበር። ሰውዬው የሴትዮዋ ባል ነበሩ። ስክሪኑን ገዝተው የሰቀሉት፣ ዝርዝሩን ቁጭ ብለው የሠሩት፣ በሰቀሉት በሰባተኛው ወር በአጭር ሕመም የሞቱት እሳቸው ናቸው። ከተማው ያውቃቸዋል። ነቀምቴ ውስጥ ደግሞ የሚያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ሆነህ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠይቀህ ነው የምታልፈው። እሳቸው ብቅ ካሉ ሰላም ይባላሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሴትዮዋም የሚያፍሩ አልነበሩም። ሲስቁ አፋቸውን መሸፈን ልማዳቸው ነው።

ይሄን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። ያኔ የማውቀው መቀለድ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሰውዬውና ግራጫው ሳጥን አብረው ሲወጡ ፎቶ አነሳሁና ለእህቴ ላኩላት። ከሥሩ «በርገሩን ማን እንደበላው ታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ስልኬ ስለሚሞላብኝም እንደ ልማዴ የላኩትን አጠፋሁት።

ከሴትዮዋ ጋር የተወዳጀነው በጾም ነው። እሮብና ዓርብ እጾማለሁ። ሰፈሩ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ በርገር ቤት ገብቶ የጾም ምግብ የሚጠይቅ የለም። ሁለት እሮብ ደረቅ ቺፕስ ሳዝ አዩኝ። በሦስተኛው ድንችና ካሮት ቀቅለው፣ ጠፍጥፈው፣ በዘይት ጠብሰው ዳቦ ውስጥ አስገብተው አመጡልኝ። «ብዪ፣ ባርሲስቱ» አሉኝ። ባርሲስቱ አስተማሪዋ ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «አዴ» አልኳቸው፤ እናቴ እንደማለት ነው። በማግሥቱ «የጾም በርገር» ብለው ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪኑ ሥር ለጠፉት። በሳምንት ሁለቴ ያንን ወረቀት ቀና ብዬ ሳይ አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ስለ ነቀምቴ ሲነሳ ቀድሞ የሚናፍቀኝ እሱ ነው፤ በእስክሪብቶ የተጻፈች ወረቀት፣ ጥግዋ ዘይት የነካት።

ውለታ መመለስ አለብኝ አልኩ። ምን አለኝ? ሙያዬ አለኝ።

«አዴ፣ ይሄን ኮምፒውተር ልሥራልዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዺሲ፣ ባርሲስቱ። ተይው። ምን አደረገሽ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ሰው ይስቅብዎታል እኮ።»

«ይሳቅ፤ ምን አለበት። ማሎ፣ እባክሽ ተይው።»

እዚህ ላይ እንግዲህ ሸዌነቴ ጉድ ሠራኝ። እኛ ቤት «ተይው» ማለት «ለምኚኝ» ማለት ነው። እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት ሦስቴ እምቢ ካላለ ባለጌ ይባላል። እናቴ ጎረቤት ልታግዛት ስትመጣ «ኧረ ተይው» ትልና ያቺ ጎረቤት በእውነት ብትተወው ዓመት ሙሉ ታማታለች። ስለዚህ የሴትዮዋ «ተይው» ለኔ ይሉኝታ ነበር። ወለጋ ውስጥ ተይው ያለ ሰው ተይው ማለቱ እንደሆነ ማን ነገረኝ?

አጋጣሚው በግንቦት መጣ። አዴ ለሦስት ቀን የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ጊምቢ ሄዱ። ቤቱን የያዘችው አስተናጋጇ ነበረች፤ ጊዳ አያና ወረዳ ተወልዳ በዚያ በኩል ግጭቱ ሲከፋ ከተማ የገባች ልጅ። ቤተሰቧ ከወሎ የሄደ ስለሆነ አማርኛዋ የወሎ ነው፤ አፋን ኦሮሞዋ ደግሞ ከነቀምቴ ሰው አይለይም። እሑድ ጠዋት ቤቱ ዝግ ስለሆነ ቁልፉን ስጪኝ አልኳት።

«ለአዴ ሳልነግራቸው ኮምፒውተሩን ልሠራላቸው ነው። ሲመጡ ይገርማቸው» አልኳት።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ» ብላ ሰጠችኝ። እሷም ከነሙሉ ልቧ ነው። የሚሠራ ነገር ሲሠራ ሌላ ነገር ይጠፋል ብላ እንዴት ታስብ?

እሑድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየተሰማኝ፣ ላስቲኩን ፈትቼ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት። ውስጡ በዘይት የተለወሰ አቧራ ሞልቶታል። ጠረግኩ፣ አጸዳሁ። አዲስ ሲስተም ልጭንበት ስለሆነ ያለው ነገር ሁሉ መጥፋት አለበት። እንዲህ ስል ጥንቃቄ የጎደለኝ እንዳይመስላችሁ። የምግብ ዝርዝሩን ከነፎቶዎቹ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። የአቅራቢዎችን ስልክ የያዘ አንድ ፋይል አገኘሁ፤ እሱንም ገለበጥኩ። ከዚያ ዝርዝሩን ዘጋሁና ሰውዬው ማንጎውን ይዞ እየሳቀ ወጣ። አየሁት። ሁለት ሰኮንድ ያህል አየሁት። ይሄ ምን ያደርጋል ብዬ ፎርማት አደረግኩት።

እስከ ቀትር ሠራሁ። አዲሱ ዝርዝር ያምር ነበር። «የጾም በርገር» ከወረቀቱ ላይ ወጥቶ ስክሪኑ ላይ ከነፎቶው ገባ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው በራሱ እንዲከፈት አደረግኩት። ከኋላው ያለውን ገጽ ንጹሕ ሰማያዊ አደረግኩት፤ ድንገት እንኳን ቢታይ ሰው የሚስቅበት ነገር እንዳይኖር። አስተናጋጇ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አይታ አጨበጨበች። ያን ቀን ከሰው ሁሉ የበለጠ ደስተኛ እኔ ነበርኩ።

አዴ ማክሰኞ ከሰዓት መጡ። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ስክሪኑን አዩና «ዋው፣ ባርሲስቱ!» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። የጾም በርገሩን ፎቶ እያዩ እንደ ልጅ ሳቁ። ሽርጣቸውን አስረው ወደ መጥበሻው ገቡ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ በዝናብ የተጠለለ ሰው ሞልቶት ሳለ መብራት ሄደ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጣ። ሰው እንደ ልማዱ ወደ ስክሪኑ ቀና አለ።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ዝርዝሩም ወዲያው በራሱ ከች አለ። በርገር፣ በርገር በዕንቁላል፣ የጾም በርገር።

ከበሩ አጠገብ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «አካም...» ብለው ጀምረው አቆሙ። አዴ የቺፕስ ማውጫውን ማንኪያ እንደያዙ ከመጥበሻው ወጥተው ስክሪኑን አዩ። ዝርዝሩ እስኪዞር፣ ዞሮም እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ ወደ አስተናጋጇ ዞረው «ኤሳ ጅራ?» አሏት። ይቺን ያህል ቋንቋ ተምሬያለሁ፤ የት አለ ማለታቸው ነው። ልጅቷ ወደኔ አየች። እሳቸውም ወደኔ ዞሩ።

«የት አደረግሽው?»

«ማንን?» አልኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይቺ ቃል ናት።

ነገሩን ያስረዳችኝ አስተናጋጇ ናት፤ ኩሽና ውስጥ፣ እያለቀሰች። ፎቶው የተነሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ዲጋ ነው፤ ሰውዬው የማንጎ መሬት ነበራቸው። ያነሷቸው ራሳቸው አዴ ናቸው፣ በስልካቸው። ሰውዬው ፎቶ አይወዱም ነበር፤ ያን ቀን ግን የበሰለ ማንጎ አፋቸው ላይ ፈርጦ እየሳቁ ሳለ ሳያውቁ ተነሱ። ኮምፒውተሩን የገዙ ዕለት አዴ እልህ ይዟቸው ፎቶውን በግድ እዚያ አስደረጉት። ሰውዬው በሞቱ በዓመቱ ደግሞ ስልኩ ከአዴ ኪስ ወጥቶ የሚፈላ የቺፕስ ዘይት ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ያ ሳቅ ያለው ማሽኑ ላይ ብቻ ነው።

«ሌላ ፎቶ የለም?» አልኳት።

«አለ፤ የመታወቂያው አለ» አለች። ሳሎን ውስጥ አሳድገው የሰቀሉት እሱን ነው። አዴ ግን አያዩትም። «ያ ሰውዬ የኔ ባል አይደለም፤ መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ሰው ነው» ይላሉ አሉ።

ማሽኑን ተሸክሜ ኮሌጅ ወሰድኩት። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩበት። አራት ቀን ለፋሁ። የተመለሰልኝ የሌላ ሰው ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ቤት በነበረበት ዘመን የተጻፉ የሥራ ማመልከቻዎች፣ ያልተላከ የፍቅር ደብዳቤ፣ የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ። ሰውዬው የተቀመጡበት ቦታ ላይ የጫንኩት አዲሱ ሲስተም ተኝቶበታል። በገዛ ሙያዬ ነው የቀበርኳቸው። መጥፎ ተማሪ ቢሠራው ዜሮ የምሰጠውን ስህተት እኔ ሠራሁት።

አዴ አልተቆጡኝም። ባዶ እጄን ስመለስ «ዋቀዮ ያውቃል»፣ እግዜር ያውቃል፣ ብለው ዳቦ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እግሬ አልሄደም። እራቴን ብስኩት በሻይ አደረግኩት፤ ወደ ኮሌጅ ስሄድም በርገር ቤቷን ላለማለፍ በጀርባ ባለው ጭቃ መዞር ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። በሁለተኛው ሳምንት እሮብ በሬ ተንኳኳ። አስተናጋጇ ናት፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አዴ ናት የላከችልሽ። ዛሬ እሮብ ነው ብላ።»

የጾም በርገር ነበር። ገና ትኩስ ነው። በሩን ዘግቼ እየበላሁ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩም ቆይቼ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከእህቴ ነው፤ ያውም ሳታውቅ። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ለቀናት ጠፍቶ ቆይቶ ዓርብ ጠዋት ሲመለስ ስልኬ ላይ የተጠራቀመው መልእክት ተንጣጣ። መጀመሪያ የከፈትኩት የእህቴን ነው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ፒዛ ቤት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ አንስታዋለች። ከሥሩ «ያንቺውን የሚያክል ግን የለም፤ በርገሩን የበላው ሰውዬ ደህና ነው?» ብላለች።

ተነስቼ ቆምኩ። ወዲያው ደወልኩላት።

«ያንን ፎቶ አለሽ?»

«የቱን?»

«በርገሩን የበላውን!»

«ውይ፣ ስልክ ቀየርኩ እኮ። አሮጌው ስልኬ ላይ ነበር።»

«እሱስ የት ነው?»

«ለእማዬ ሰጠኋት።»

እናታችን ለመደወልና ለማንሳት ካልሆነ ስልክ ስትነካ አይተናት አናውቅም። እህቴ ሳቀች። «እንግዲህ አለ ማለት ነው» አለችኝ። «እማዬ ማጥፋት አትችልም።»

ከሰዓት ሄዳ ፈልጋ ላከችው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶው መጀመሪያ ጭጋግ ሆኖ ነው የመጣው። ኮሌጁ በር ላይ ዣንጥላ ይዤ ቆሜ ጠበቅኩት። ከዚያ ጠራ። የስክሪኑ ጠርዝ ጠማማ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ግንባራቸው ጥግ ላይ ያንጸባርቃል፣ ግራጫው ሳጥን ከአገጫቸው በታች ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል። ሳቁ ግን አለ። ሙሉ ሳቅ፣ የተጨፈኑት ዓይኖች፣ ጉንጫቸው ላይ የፈሰሰው ማንጎ ሳይቀር። ከሥሩ ደግሞ የኔ ቀልድ አለ። እሷን ቆርጬ አስቀረኋት። ለአዴ የነገርኳቸው በኋላ ነው፤ እሷንም ሳቁባት።

በጀርባው ጭቃ ሳይሆን በአስፋልቱ ሄድኩ። አዴ ድንች እየላጡ ነበር። ስልኩን ሰጠኋቸው። እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉኝና ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አዩት። አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያች ሰዓት ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅኩም፤ እሳቸውም ያወቁት አይመስለኝም።

«ሳጥኑን ላነሳው እሞክራለሁ» አልኳቸው። «ሥሩ ያለውን ግን አላውቀውም። የሆነ ነገር መሳል ይኖርብኛል።»

«አትንኪው» አሉኝ። ጣታቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ቀኝ እጁ አለ። ማንጎውን ይዟል። እጁ ላይ ወርዶ እስከ ክርኑ ደርሷል። ሸሚዙ የኔ ወንድም የሰጠው ነው፣ አንድ ቁልፍ የለውም። እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ምን ብለሽ ትስዪዋለሽ?»

ይሄኛው «ተይው» ገባኝ። እንዳለ ተውኩት።

ፎቶውን በሦስት ቦታ ቀድቼ አስቀመጥኩ፤ አንዱን ለእናቴ ላኩላት፣ ማጥፋት ስለማትችል። ከዚያ ከነሳጥኑ፣ ከነአምፖሉ ነጸብራቅ በሰማያዊው ገጽ ምትክ አደረግኩት። ዝርዝሩንም በራሱ መከፈት ከለከልኩት። በበነጋው ከሰዓት መብራት ሄደ። ከነቀምቴ መብራት ጋር ሰላም ያወረድኩት ያን ቀን ነው። ሲመጣ ሁላችንም ቀና አልን። መጀመሪያ ጥቁር ሆነ፣ ቀጥሎ ነጭ ፊደል፣ ከዚያ አባ መና እየሳቁ መጡ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሽማግሌው ባለፈው ያቋረጡትን ሰላምታ ከነልጆቹ ከነከብቱ ጨረሱት። እኔም አፌ እየተሳሰረ፣ በሸዋ አፌ፣ «አካም ኦልታን፣ አባ መና» አልኩ። አዴ ከመጥበሻው በስተኋላ «ነጋ፣ ገለታ ዋቀዮ»፣ ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን፣ ብለው በእሳቸው ፈንታ መለሱልኝ።

ነቀምቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖርኩ። አሁን ደብረ ብርሃን ነው የማስተምረው። እዚህም በየፈጣን ምግብ ቤቱ ስክሪን ተሰቅሏል፤ እዚህም ይበላሻል። አሁንም ፎቶ አነሳለሁ፤ ግን ከማንሳቴ በፊት ከኋላው ማን እንዳለ አያለሁ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሜዳና ሰማይ ነው። ማንም የማያውቀው ሜዳ።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ለሥራ ወደ ነቀምቴ ተልኬ በርገር ቤቷ ገባሁ። አዴ ትንሽ አርጅተዋል፤ አስተናጋጇ አግብታ ልጅ አዝላለች። ጠረጴዛው ተጨምሯል። «የጾም በርገር» የምትለዋ ወረቀት አሁንም ተለጥፋለች፤ ስክሪኑ ላይ ቢኖርም አላነሷትም። ተቃቅፈን፣ የቤቱን የደጁን ተጠያይቀን ስናበቃ መብራት ሄደ። ሲመጣም አባ መና ብቅ አሉ፤ ሰላምታው እንደ ድሮው ተንጫጫ።

ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ብቻዋን የተቀመጠች ወጣት ነበረች። ቦርሳዋ ላይ የላፕቶፕ ገመድ ይታያል፤ አማርኛዋም የሩቅ ነው። ሰው ሁሉ ሲጮህ በኀዘኔታ አዴን አየቻቸው፤ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ያቺ ሳጥን እኮ ቀላል ናት» አለቻቸው። «ኮምፒውተር ተምሬያለሁ። አንዴ ብቻ ያስነኩኝና ላጥፋልዎት።»

አዴ ወደኔ አዩ። እኔም ልጅቷን እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ» አልኳት። «መጀመሪያ ሰላም በያቸው።»